በልደት ቀን ደብተር ይከፈታል? ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ የአሜሪካ ቤተሰቦች ልማድ

በአሜሪካ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት የራሳቸውን የትምህርት ካላንደር ያወጣሉ። የምስጋና ቀን፣ ገናና አዲስ ዓመት ያለ ብዙ ንግግር ከትምህርት ቀናት ይሰረዛሉ። ንግግሩ የሚረዝመው የልጆቹ ልደት ላይ ሲደረስ ነው። የመካከለኛዋ ልጅ ልደት ማክሰኞ ቢውል ያን ቀን ትምህርት አለ ወይስ የለም? ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ሻማው ከትምህርት መልስ ይጠብቀዋል። የቤት ተማሪ ግን አስተማሪዋም፣ ርዕሰ መምህሯም፣ ኬኩን የምትጋግረውም ብዙውን ጊዜ እናቱ ናት። ስለዚህ ልመናውም ፈቃዱም በአንድ ቤት ውስጥ ያልቃል።

ሆምስኩሊንግ በሚል ስሙ የሚታወቀው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ድርሻ በ2020 ጸደይ 5.4 በመቶ የነበረው በዚያው ዓመት መኸር 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። በጀርመን ግን እያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ ስላለበት፣ እዚያ ለሚኖር ቤተሰብ ጥያቄው ከነአካቴው የለም።

ማስተማር ገና የጀመሩ ወላጆች የሚፈሩት ሕጉን ነው። እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ ደንብ አለው። ጆርጂያ በዓመት 180 የትምህርት ቀን፣ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ተኩል ይጠይቃል። ኮሎራዶ 172 ቀን በአማካይ አራት አራት ሰዓት ይላል። ፔንሲልቬንያ 180 ቀን ወይም በአንደኛ ደረጃ 900፣ በሁለተኛ ደረጃ 990 ሰዓት እንዲሟላ ያዛል። ቨርጂኒያ የቀን ቁጥር አያስቀምጥም፤ ወላጅ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ ማስታወቂያ ካስገባ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ የልጁን መሻሻል ማሳየት አለበት። ቴክሳስ ደግሞ ቀንም ሰዓትም አይቆጥርም። ከእነዚህ ግዛቶች በአንዱም ልደትን የሚከለክል ወይም የሚፈቅድ አንቀጽ የለም።

ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ፍርሃቱን ያቀልላል። ከዓመቱ 365 ቀናት 104 ያህሉ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ከቀሩት 261 ቀናት የጆርጂያው 180 ሲነሳ 81 የሥራ ቀናት ይተርፋሉ። አራት ልጆች ያሉት ቤት የአባትና የእናትን ልደት ጨምሮ ሁሉንም ቢያከብር፣ አንዱም በዕረፍት ቀን ባይውል እንኳ የሚያጠፋው ስድስት ቀን ነው። 75 ቀን ይቀረዋል። ልደት ትምህርትን ይጎዳል የሚለው ስጋት በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

በሰዓት የሚቆጥሩ ግዛቶች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ሚዙሪ በዓመት 1,000 ሰዓት ትፈልጋለች፤ ከዚህ 600ው በንባብ፣ በቋንቋ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ መሆን አለበት፤ ከ600ው ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 400ው በመደበኛው የማስተማሪያ ቦታ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ በቤቱ፣ መሰጠት ይኖርበታል። ስለዚህ ለልደቷ የሳይንስ ሙዚየም የወሰዷት ልጅ ሰዓቷ ይቆጠርላታል፤ ከ400ው ውስጥ ግን አይገባም። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያውቁ እናቶች መዝገባቸውን በየቀኑ ይሞላሉ፤ ሰኔ ላይ ከማስታወስ በየዕለቱ መጻፍ ይሻላል።

ልማዱ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ደብተር አያስነካም። ሌላው ጠዋት ሒሳብና ንባብ ብቻ አስጨርሶ ከሰዓት በኋላውን ይለቅቃል። የዕለቱን ትምህርት እንዲመርጥ ለባለ ልደቱ የሚፈቅድም አለ፤ ልጁ ስለ ዳይኖሰር ብቻ ማንበብ ከፈለገ ቤቱ ሁሉ ስለ ዳይኖሰር ያነብባል። በዓሉን ወደ ቅዳሜ የሚያዛውሩ ደግሞ ምክንያታቸው በአብዛኛው የአባት ሥራ ነው፤ ዕረፍት የማያገኝ አባት ባለበት ቤት የማክሰኞ ልደት ጎዶሎ ይሆናል። የይሖዋ ምስክሮች ልደት ስለማያከብሩ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ያልፋል።

ከሕጉም ከሰዓቱም ይልቅ የሚከብደው የወንድምና የእህት ነገር ነው። የልደት ዕረፍት የባለ ልደቱ ብቻ ነው ወይስ የቤቱ ሁሉ? አንድ የሐበሻ ቤት እናስብ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ማዕድ ቤት ቆማ ለድፎ ዳቦ ዱቄት ትሰፍራለች። እናቷ የምታውቀው ልክ ለትልቅ ምጣድ ነው፤ እዚህ ያለው የምድጃ ትሪ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁሉም በግማሽ ይከፈላል፤ የሦስት አራተኛ ግማሽ ስንት ነው ተብላ ልጅቱ በጣቷ ዱቄት ላይ ስምንት መስመር ታሰምራለች። ቅጠሉ ከእስያ መደብር በረዶ ሆኖ የተገዛ የሙዝ ቅጠል ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል። በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድሟ የአልጀብራ መልመጃውን ይዞ ተቀምጧል፤ የዳቦው ሽታ ሲመጣ እርሳሱ ይቆማል። ይህ ልጅ ዛሬ አንድም ነገር አይማርም። እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ፦ ዕረፍቱ ለሁሉም ካልተሰጠ፣ በዓሉ የአንዷ ደስታና የሌላው ቅጣት ይሆናል። ታናሽ እህትን ከወንድሟ ጋር የሚያጣላ ልደት ከሚከበር፣ በዚያ ቀን የሁሉም ደብተር ቢታጠፍ ይሻላል።

በሐምሌ የተወለደ ልጅ ሌላ ጥያቄ አለው። በዚያ ጊዜ አብዛኛው ቤት ትምህርት ስለማይኖር የሚሰጠው ዕረፍት የለም፤ ወንድሞቹ ባለፉት ወራት አንድ አንድ ቀን ሲያርፉ እሱ ግን ምንም አላገኘም። አንዳንድ ወላጆች ስድስት ወር ቆጥረው በጥር «ግማሽ ልደት» ብለው ቀኑን ይሰጡታል። ዓመቱን ሙሉ እያስተማሩ ስድስት ሳምንት ሠርተው አንድ ሳምንት በሚያርፉ ቤቶች ግን ልደቱ በየትኛውም ወር ቢውል እኩል ስለሚታይ ይህ ቅሬታ አይነሳም።

ወደ አሜሪካ የመጡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለዚህ ቀን ያላቸው ስሜት ድብልቅ ነው። በአገር ቤት በኦርቶዶክሶች ባህል ትልቁ በዓል ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ የምትነሳው ክርስትና ነበር። ብዙ አዛውንት የተወለዱበትን ቀን የሚያስታውሱት «በጣሊያን ጊዜ» ወይም «በአብዮቱ ዓመት» በማለት ነው። በስደት ከመጡት ውስጥም ትክክለኛ ቀናቸው ባለመታወቁ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈባቸው አሉ። የራሳቸው ልደት ያልነበራቸው እነዚህ ወላጆች ለልጃቸው ቀኑን ሙሉ ሲሰጡ ማየት ልብ ይነካል። የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ፈተና አለው፤ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ልደቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያገኘው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ በሌሎቹ ዓመታት መስከረም 1 ከእንቁጣጣሽ ጋር ይታሰብለታል። እንቁጣጣሽም ሆነ ታኅሣሥ 29 የሚውለው ገና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በብዛት የትምህርት ቀኖች ናቸው፤ ቤት የሚያስተምር ቤተሰብ ግን የራሱን በዓል በራሱ ካላንደር ላይ ይጽፋል።

አንዳንድ ልደቶች በሕግ ፊትም ክብደት አላቸው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሲያትል፣ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ መሠረት የመማር ግዴታ የሚጀምረው ከስምንት ዓመት ነው፤ ወላጅ ቤት እንደሚያስተምር በየዓመቱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስታውቀውም ከዚያ ጀምሮ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ ካላንደሩ ከወላጅ እጅ ይወጣል። በዚያው ግዛት አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ኮሌጅ ገብተው መማር ይችላሉ፤ የኮሌጁ ፈተና በልደታቸው ቀን ከዋለ ይፈተናሉ። በጆርጂያ አሥራ ስድስተኛው ልደት የመማር ግዴታ የሚያበቃበትም፣ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ የሚቻልበትም ዕድሜ ነው፤ የዚያን ቀን ዕረፍት የሚለምን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ኬኩን ሳይሆን ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮ የሚያደርሰው ሰው ነው።