የኤክስቼንጅ ትምህርት፦ ጎንደር ላይ የሚወራውና እውነታው

አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በኤክስቼንጅ፣ ማለትም በተማሪ ልውውጥ፣ ፈረንሳይ አገር አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለአንድ ሴሚስተር ሄጄ ተምሬ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ አስቀድመው የያዙት ወሬ ነው። በዚያ ወሬ የተነሳ ስንት ጎበዝ ልጅ ማመልከቻ እንኳ ሳያስገባ ቀርቷል። የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኤክስቼንጅ ማለት ሄዶ መቅረት ነው»

ልሄድ ሰሞን አክስቴ ከአዘዞ መጥታ «እንግዲህ በስልክ ልናይሽ ነው» ብላ አለቀሰች። አልፈርድባትም። እኛ ሰፈር ውጭ የሄደ ሁሉ እዚያው የቀረ ነው። የልውውጥ ተማሪ ግን የሚሄደው የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነ ነው። ምዝገባው እዚህ ነው፣ ዲግሪውም የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም ለሚሄድ ተማሪ ቆይታው ከ2 እስከ 12 ወር ነው። ሐሳባችሁ ዲግሪውን እዚያ መያዝ ከሆነ የምትፈልጉት ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው።

«የሀብታም ልጅ ካልሆንሽ አይሞከርም»

ይሄኛው ብዙ ልጅ ያስቀራል። ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር ለአውሮፓ ተማሪዎች ነበር፤ ዛሬ ግን የእኛም አገር ተማሪ ይሄድበታል። የተቀበለው ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ለኑሮ እንደ አገሩ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል፣ ለትራንስፖርትም ለብቻው ይታሰባል። ወጪ የለውም ግን አልልም። ፓስፖርት አለ፣ ሰነድ ማረጋገጥ አለ፣ ለኤምባሲ ቀጠሮ አዲስ አበባ መመላለስ አለ። ደግሞ ክፍያው እንደደረሳችሁ ላይገባ ይችላል። እኔ ሦስት ሳምንት ከኪሴ ነው የበላሁት፣ ያንንም ብር ወንድሜ ነው ያበደረኝ። እዚያ እየሠራሁ እሸፍነዋለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ፈረንሳይ ለውጭ ተማሪ የምትፈቅደው ሥራ በዓመት 964 ሰዓት ነው፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ደግሞ እሱንም ቶሎ አያገኝም።

«ደላላ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ዕድሉ ያለው ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውል ካላቸው ብቻ ነው፣ ተማሪውንም የሚያጨው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፒያሳ ቢሮ ከፍቶ «ኤክስቼንጅ አስገባለሁ፣ ግማሹን አሁን ክፈል» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። እባካችሁ የእናታችሁን እቁብ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አትስጡ። የዩኒቨርሲቲያችሁን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ጠይቁ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውንም በየሳምንቱ እዩ፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

«የተማርኩት ሁሉ ስመለስ ይያዝልኛል»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የትምህርት ስምምነት የሚባል ቅጽ አለ። እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ በየትኛው ኮርስ እንደሚተካ በሰንጠረዥ ይጻፍና እናንተ፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲና የዚያኛው ትፈርማላችሁ። ክሬዲቱን አስቡ፦ በእኛ 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ) ነው፣ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት ደግሞ 30 ኢሲቲኤስ። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ይተካል ማለት አይደለም። የኮርሱን ዝርዝር ይዛችሁ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ አስተያዩት። እዚያ የተዋወቅሁት ከሌላ ከተማ የመጣ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ የመረጠው ኮርስ ሰዓቱ ስለተጋጨበት በሌላ ቀየረ፤ ግን ለውጡን አላስፈረመም። ጥሩ ውጤት ነበረው። ሲመለስ አልተያዘለትም፣ ኮርሱን ከታች ካሉት ልጆች ጋር እንደገና ተማረ። አንድ ኢሜይል ቢልክ ኖሮ ይተርፍ ነበር።

«ለኤክስቼንጅ ተማሪ ሽርሽር ነው»

አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። 30ውን አባዙት። እኔ ሌክቸር ልቀዳ ደብተር ይዤ ገባሁ፤ እነሱ ግን ስለ አንድ ድርጅት የተጻፈ ኬዝ ማታውኑ አንብበው ነው የሚመጡት። መምህሯ «አንቺ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ትላለች፣ ከዚያ ለምን ብላ ታፋጥጣለች። እኔ ደግሞ ታላቅ ሲናገር ዝም በይ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ የውጤቱ 20 በመቶ የክፍል ተሳትፎ መሆኑን ሳይ እጄን ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ በሦስተኛው ቀን ለመደልኝ።

ውጤቱም ያስደነግጣል። የመጀመሪያው ፈተና ከ20 13 ሲመጣ ዶርም ቁጭ ብዬ 65 በመቶ ብዬ አስልቼ አለቀስኩ። ለካ ማለፊያው 10 ነው፣ 14 ጥሩ የሚባል ነው፣ 20 የሚያገኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ግሬዱ እንዴት እንደሚለወጥ ሬጅስትራርን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«የፈረንጅ አካውንቲንግ እዚህ ምን ይሠራል?»

ይሄን የሚሉኝ ተመራቂዎች ናቸው፣ ያናድደኛል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የእኛም አገር ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ ገብታለች። የአውሮፓ ኅብረት አክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ድርጅቶችም የተጠቃለለ ሒሳባቸውን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በእሱ ነው የሚያዘጋጁት። ደረጃው አንድ ነው። በ2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር፣ የአክሲዮን ዋጋ ትንተና የሠራሁበትን የግሩፕ ወርክ ፋይል ወዲያው ነው የከፈትኩት።

ፈረንሳይኛ ስለማይችሉ የሚፈሩም አሉ። የእኔ ኮርሶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ዳቦ ቤትና ባንክ ግን ፈረንሳይኛ ነው፣ ሰላምታና ቁጥር ተምራችሁ ሂዱ።

አንድ የእናቶች ጉዳይ ይቀረኛል። «ለልጅሽ ቅቤ ቋጥሪላት» ይባላል፣ እናቴም በጆግ አሽጋ አስቀመጠችልኝ። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር የወተትና የሥጋ ውጤት በሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም። ኤርፖርት ላይ ወሰዱት። ሽሮው፣ በርበሬውና ኮረሪማው አለፈ። እዚያ ጨው የሌለው ቅቤ ከሱቅ ገዝቼ በኮረሪማና በኮሰረት አነጠርኩት፤ የዶርሙ ኮሪደር በሙሉ ሸተተ፣ ሦስት ልጆችም ምንድነው ብለው በሩን አንኳኩ።