«ጥበቃ ያለበት» የድራፍት ተራ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን አሰልጣኙን አሰናብቶ፣ ኮከቡን ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጥቶ እንደ አዲስ መገንባት ሲጀምር፣ በልዋጩ ከሚቀበላቸው ነገሮች አንዱ የሌላው ቡድን የወደፊት የድራፍት ተራ ነው፤ ማለትም አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ጊዜ በዚያ ቡድን ፋንታ የመምረጥ መብት። «ከ1 እስከ 10 ጥበቃ ያለበት» የሚለው ሐረግ ብዙዎቻችሁን ስላምታታ እሱን ብቻ ላስረዳ።

ጥበቃው የሰጪው እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሰጪው «ተራዬን ሰጥቻለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ከወደቀ ግን ለራሴ አስቀረዋለሁ» ማለቱ ነው። 11ኛ ከሆነ ተቀባዩ ይወስዳል፤ 10ኛ ከሆነ ሰጪው ዘንድ ይቀራል።

ዳላስ ማቨሪክስ ለኒውዮርክ ኒክስ የዚህ ዓይነት ተራ ዕዳ ነበረበት። ብዙ የተሸነፈ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚመርጥ፣ በ2023 የመደበኛው ውድድር ማብቂያ ላይ ዋና ተጫዋቾቹን አሳረፈ፤ ሊጉም 750,000 ዶላር ቀጣው። ተራው ግን 10ኛ ሆነና በእጁ ቀረ። (በእኔ ግምት ቅጣቱ ርካሽ ነበር።) ኒክስ ድርሻውን ያገኘው በ2024 ነው፤ ያውም 24ኛ ሆኖ።

እስከዚህ ያለው አሠራር አይለወጥም። ከውል ውል የሚለያየው ጥበቃው እስከ ስንተኛ ተራ እንደሚዘልቅና ተራው ከሰጪው ጋር ሲቀር ዕዳው ምን እንደሚሆን ነው፦ አንዳንዱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል፣ አንዳንዱ ወደ ሁለተኛ ዙር ተራ ይለወጣል፣ ጭራሽ የሚሰረዝም አለ።