የቡድን ሥልጠናና ትንሿ የፕሮጀክት ብር

ጎንደር ወይም ጅማ የተማረ ሐኪም ስለ ተማሪነቱ ሲያወጋ፣ ከአስከሬን ክፍሉና ከሌሊት ተረኝነቱ ቀጥሎ «ቲቲፒ» የሚሉትን ወቅት ማንሣቱ አይቀርም። ስሙ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ምሕጻረ ቃል ሲሆን በአማርኛ የቡድን ሥልጠና ይባላል። ለመመረቅ የተቃረቡ የሕክምና፣ የጤና መኮንንነት፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነት፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደልድለው ለሳምንታት ወደ አንድ ወረዳ ከተማ ይወርዳሉ። በጤና ጣቢያው ያክማሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የነዋሪውን የጤና ችግር ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ከችግሮቹ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጠው በእጃቸው ባለች ጥቂት ገንዘብ ይሠሩበታል። ስለ ሥልጠናው ሲወራ ገንዘቧ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ትታለፋለች። ይሁን እንጂ ቡድኑ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚተው የምትወስነው በአብዛኛው እሷ ናት።

የነገሩ ሥር ያለው ደምቢያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አገሪቱ ያኔ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። ሐኪም እስኪመረት መጠበቅ አያዋጣም ተብሎ በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና «ፖይንት ፎር» ከተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ጋር ሆኖ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅንና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ያወጣ ነበር። ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲያገለግሉ የታሰቡ ስለነበሩ መሠልጠንም የነበረባቸው አብረው ነው፤ ቆላ ድባን የመሰሉ ጤና ጣቢያዎችም ለዚሁ ማሠልጠኛ ሆኑ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጣቢያውንም ይመራል፤ ነርሷ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። የቡድን ሥልጠና የሚለው ስም የወጣው ከዚህ የሥራ ክፍፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ጎንደር ላይ የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ልማዱ አብሮ ቀጠለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከዚህም አልፎ ሥርዓተ ትምህርቱን በሙሉ በማኅበረሰብ ላይ መሠረተ፤ ተማሪው የመጨረሻ ዓመቱን ሳይጠብቅ ከታችኞቹ ዓመታት ጀምሮ በየጊዜው ወደ ቀበሌ ይወጣል። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ «እኛ ማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ትርጉም ያለውን መፈክር የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቡድኑ ቆጠራውን ሲጨርስ ሰንጠረዥ ያወጣል። በኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ያለፈ ሁሉ ይህን ሰንጠረዥ በቃሉ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ችግር በአምስት መስፈርቶች ነጥብ ይሰጠዋል፦ የችግሩ ስፋት፣ ክብደቱ፣ የመንግሥት ትኩረት፣ የነዋሪው ትኩረት፣ በመጨረሻም ሊሠራ መቻሉ። ነጥቡ ተደምሮ ከላይ የወጣው ችግር ፕሮጀክት ይሆናል። አራቱ መስፈርቶች ስለ ሕዝቡ ይጠይቃሉ፤ አምስተኛው ግን ስለ ቡድኑ አቅም ነው። ስንት ሳምንት ቀረን? ስንት ብር አለን?

ለምሳሌ ነዋሪው ከወንዝ የሚቀዳበትን አንድ ቀበሌ እናስብ። ውኃው በስፋትም በክብደትም ይመራል፤ ሴቶቹ በስብሰባው ላይ ደጋግመው ያነሡታል፤ የወረዳው ሹምም ይስማማል። አምስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር የተማሪ ቡድን በጀት የሚችለው ነገር አይደለም። በየመሐሉ ነጥብ እየቆጠበ የመጣው የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ በዚች በአንዲት ዓምድ ይቀድመዋል። ከየቡድኑ ሪፖርት የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የቆሻሻ ማስወገጃና የጤና ትምህርት የማይጠፋው ለዚህ ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ወረዳውም፣ ሚኒስቴሩም፣ ለጋሹም በጀት ሲያወጡ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ልዩነቱ ተማሪዎቹ ነጥቡን በወረቀት ላይ አስፍረው ማሳየታቸው ብቻ ነው። ቅር የሚያሰኘው ነዋሪው ውኃ ጠይቆ የመጸዳጃ ቤት ትምህርት ሲሰጠው፣ ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ከሌለ ነው።

ገንዘቡ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከዩኒቨርሲቲው የምትመጣው ድርሻ ብቻዋን ስለማትበቃ ቡድኑ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ በከተማዋ ይዞራል። ወረዳው መኪና ያውሳል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ይለግሳል፤ በአካባቢው የሚሠራ ግብረ ሰናይ ድርጅት ካለ ሳሙና ወይም ቧንቧ ይገኝበታል፤ የጎደለውን ተማሪዎቹ ከኪሳቸው ያዋጡታል። ትልቁ መዋጮ ግን በብር የማይጻፈው ነው። ምንጭ ሲጎለብት ሲሚንቶውና ቧንቧው በገንዘብ ይገዛል፤ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን ነዋሪው በደቦ ያመጣዋል። ደቦ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። በአጨዳና በውቂያ ወቅት የተመደበ ቡድን ሰው ሰብስቦ ማስቆፈር እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ የዩኒቨርሲቲው የጊዜ ሰሌዳ ከአርሶ አደሩ ጋር ተመካክሮ አልወጣም። ብልሆቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገኛሉ፤ የእድር ዳኛውንም አስቀድመው ያነጋግራሉ።

ከርካሹ ሁሉ ርካሹ ሥራ በመጸዳጃው በር ላይ የሚንጠለጠለው ሃይላንድ ነው። የውኃ መያዣው ፕላስቲክ ክዳኑ ወይም ጎኑ ይበሳና በገመድ ታስሮ ይሰቀላል፤ አጠገቡ ሳሙና ወይም አመድ ይቀመጣል። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ለተቅማጥ መከላከያ ግን እጅን መታጠብ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ ከፍ የሚለው ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሠራው ነው፦ የቆሻሻ ማቃጠያ፣ የእንግዴ ልጅ መቅበሪያ ጉድጓድ፣ የወላዶች መቆያ ክፍል እድሳት። እነዚህ ባለቤታቸው የታወቀ ስለሆነ ከቀበሌው ሥራ ይልቅ ዕድሜ ይኖራቸዋል።

ስለ ደረሰኝ ጥቂት ልበል፤ የደረሰበት ያውቀዋል። የመንግሥት ገንዘብ መወራረድ አለበት። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የገቢ ሰነድ ይጠየቃል። አሸዋ በአህያ የሚያመላልሰው ሰው ግን ደረሰኝ የለውም፤ የገጠር ገበያ ላይ ገመድ የምትሸጠው ሴትም የላትም። ስለዚህ ቡድኑ በቅርብ በርካሽ የሚገኘውን ትቶ ደረሰኝ ካለበት ከተማ በውድ ይገዛል፤ ትንሿ ብርም በመንገድ ታልቃለች።

ሌላ አገር ያለውን አሠራር ማየት ልዩነቱን ያጎላዋል። በአሜሪካ የሚገኘው የአልበርት ሽዋይትዘር ፌሎውሺፕ እ.ኤ.አ. በ1940 የተመሠረተው ሐኪሙና የኦርጋን ተጫዋቹ ሽዋይትዘር በ1913 በጋቦን፣ ላምባሬኔ ላይ የከፈተውን ሆስፒታል ለመርዳት ነበር። ሽዋይትዘር ራሱ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው በአውሮፓ ከተሞች ኦርጋን እየተጫወተና እያስተማረ ባገኘው ገንዘብ ጭምር ነበር፤ የ1952ቱን የኖቤል የሰላም ሽልማት ገንዘብም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋለው። ድርጅቱ በ1979 የአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎችን ላምባሬኔ መላክ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፊቱን ወደ ራሱ አገር ድኾች አዙሮ ቦስተን ላይ አዲስ ፕሮግራም ከፈተ። እዚያ ተማሪው ሐሳቡን ጽፎ ይወዳደራል፤ ከተመረጠም መጠነኛ ድጎማ ይሰጠውና ከአንድ የአካባቢ ድርጅት ጋር ሆኖ፣ አማካሪ ተመድቦለት፣ ከመደበኛ ትምህርቱ ጎን ለጎን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 200 ሰዓት ያገለግላል። ችግሩን ገና ሲያመለክት ያውቀዋል ማለት ነው። የእኛው ተማሪ በምርጫ አይሄድም፤ ሥልጠናው ውጤት የሚያዝበት ትምህርት ስለሆነ ሁሉም ይወርዳል፤ ችግሩንም የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። የአሜሪካኑ ትጉሁን ለይቶ ያወጣል፤ የእኛው ሰነፉንም ጭምር የገበሬ ደጃፍ ያደርሰዋል። እንደ እኔ ከሆነ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የተማሪዎቹ ቦታ ተለውጧል። በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ከመጀመሪያዎቹ 16 የሥራ ዘርፎቻቸው ሰባቱ የግልና የአካባቢ ንጽሕናን የሚመለከቱ ነበሩ። ተማሪው ያስተምረው የነበረውን እነሱ ዓመቱን ሙሉ ያስተምራሉ። ቀጥሎ ከባንግላዴሽ የተነሣው በማኅበረሰብ መሪነት ንጽሕናን የማረጋገጥ ዘዴ ገባ፤ ይህ ዘዴ ለየቤቱ መጸዳጃ መሥሪያ ድጎማ መስጠትን አጥብቆ ይቃወማል። በስጦታ የመጣ መጸዳጃ እህል ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ተጸይፎ በራሱ የቆፈረው ግን ይጠቀምበታል ባይ ነው። በዚህ ሚዛን የተማሪዎቹ ገንዘብ ማነስ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ለአንድ ቤት የሲሚንቶ ወለል ሠርቶ ለጎረቤቱ መንፈግ ቅሬታ ያመጣል፤ አንድ ማሳያ ሠርቶ ቀሪውን ቤተሰቡ በእንጨትና በጭቃ እንዲሠራ ማድረግ ደግሞ ትንሽ በጀት ባለው ቡድን የሚመጣ መፍትሔ ነው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ቡድኑ ውጤቱን ለወረዳው፣ ለጤና ጣቢያውና ለመምህራን ያቀርባል፤ የተሠራው ሁሉ በጽሑፍ ርክክብ ይደረግበታል፤ ብዙ ጊዜም ፈራሚዋ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። አውቶቡሱ መጥቶ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ሃይላንዱን የሚሞላው ሰው ማን እንደሆነ በርክክቡ ላይ አይጻፍም። ያንን የሚያውቀው ከወራት በኋላ በዚያችው ከተማ የሚመደበው ቡድን ነው። መጠይቁን ይዞ ከደጅ ሲቆም «መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ወደ ጓሮ ዞሮ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው የእግር ዱካ አዲስ መሆኑን ያያል።