ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተሳሳተ አመለካከት፦ እያንዳንዱ የአማርኛ መስተዋድድ በእንግሊዝኛ አንድ ቋሚ አቻ አለው።

እውነታው፦ የ«በ»ን ሥራ በእንግሊዝኛ ብዙ ቃላት ይከፋፈሉታል። «በጥር» ሲባል «ኢን»፣ «በልደቴ ቀን» ሲባል «ኦን»፣ «በሦስት ሰዓት» ሲባል «አት»፣ «በባቡር ሄድኩ» ሲባል «ባይ»፣ «በቢላ ቆረጥኩ» ሲባል ደግሞ «ዊዝ» ይገባል። ከዚህ የባሰ ችግር የሚፈጥረው ግን «እስከ» ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሰዋስውን ብቻ ሳይሆን መልእክቱንም ይለውጣል። «እስከ ዓርብ እቆያለሁ» ስንል ቆይታው ሳይቋረጥ እስከ ዕለቱ ስለሚዘልቅ ትክክለኛው ቃል «አንቲል» ነው። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ አስረክባለሁ» ስንል ግን ማስረከቡ ከዓርብ ሳያልፍ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት በመሆኑ «ባይ» ማለት ይገባል። እዚህ ላይ «አንቲል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማስረከቡ ራሱ እስከ ዓርብ የሚቀጥል አስመስሎ ይናገራል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አማርኛው መስተዋድድ ካለው እንግሊዝኛውም ይኖረዋል፤ ከሌለው አይኖረውም።

እውነታው፦ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው ተነሥተው «ዲስከስ አባውት» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ «ዲስከስ» የሚወያዩበትን ጉዳይ ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይቀበላል። «ወደ ክፍሉ ገባ» ለማለትም «ኤንተር» ብቻውን ይበቃል። በተቃራኒው «ሙዚቃ አዳምጣለሁ» በአማርኛ መስተዋድድ ባይኖረውም «ሊስን» ያለ «ቱ» ሙዚቃውን አያስከትልም። «ከእርሷ ጋር ተጋብቷል» ለማለት ደግሞ የሚያስፈልገው «ሜሪድ ቱ» እንጂ «ሜሪድ ዊዝ» አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ኢን» ማለት «ውስጥ»፣ «ኦን» ማለት «ላይ» ስለሆነ ለተሳፋሪ ሁልጊዜ «ኢን» ይባላል።

እውነታው፦ ለቤት መኪናና ለታክሲ «ኢን» ይባላል፤ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን ግን ሰውየው ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን የተለመደው «ኦን» ነው። ቆሞ መንቀሳቀስ የሚቻልበትን መጓጓዣ ከ«ኦን» ጋር ማያያዝ ለማስታወስ ይረዳል፤ ብስክሌትና ፈረስ በዚህ ባይመዘኑም፣ ከላያቸው ስለሚቀመጡባቸው ቃላቸው ያው «ኦን» ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ማለቅ የለበትም።

እውነታው፦ ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 ይህን አጻጻፍ ነቅፎ ነበር። በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ላውዝ ግን ክብደት ላለው ጽሑፍ መስተዋድዱን ማስቀደም ይሻላል አለ እንጂ አልከለከለም። «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» («ከማን ጋር እያወራህ ነው?») ፍጹም ትክክል ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከ«ቱ» በኋላ ግሱ ምንጊዜም ያለ ቅጥያ ይመጣል።

እውነታው፦ በደብዳቤ መዝጊያ ላይ በሚዘወተረው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» («በጉጉት መጠበቅ») ውስጥ ያለው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው ስም ወይም ባለ «ኢንግ» ግስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚጻፈው «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው፣ «ቱ ሂር» አይደለም።