አፕራይዝ ምንድን ነው? (አፕሬይዝ አላልኩም!)

ሰሞኑን እንዳርመው የተሰጠኝ ደብዳቤ ላይ "ዘ ሃውስ ዊል ቢ አፕራይዝድ ኦን ተርስዴይ" ይላል። ሐሙስ ቤቱ ይገመታል ለማለት ነው፣ የተጻፈው ግን ሐሙስ ለቤቱ ይነገረዋል ሆኗል። ለጻፈው ሰውዬ ስነግረው "ኧረ ያው ነው፣ የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው" አለኝ። ያው አይደለም! አፕራይዝ (apprise) ማሳወቅ ነው፣ ከፈረንሳይኛው አፕራንድር ማለትም መማር ማስተማር ከሚለው የመጣ። አፕሬይዝ (appraise) ደሞ መገመት ነው፣ ቤት ስትገዙ ባንኩ የሚያስገምተው፣ መስሪያ ቤት በየዓመቱ አፕሬይዛል እያሉ የሚሞሉላችሁ ፎርም።

እሱስ ዲክሽነሪ ገለጥ ቢያደርጉ ይስተካከላል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ "አፕራይዝ ዘ ኢሹ ቱ ዘ ማናጀር" የሚሉት ነገር ነው። እዚህ ጋ ሰዋስዉ የራሳችን ነው፣ ጉዳዩን ለኃላፊው አሳወቅን ስለምንል እንግሊዝኛውንም በዛው እንነዳዋለን። አፕራይዝ ግን የሚይዘው ሰውየውን ነው፣ ጉዳዩ "ኦቭ"ን ይዞ ከኋላ ይመጣል፦ "አፕራይዝ ዘ ማናጀር ኦቭ ዘ ኢሹ"።

በቡና ላስረዳ። ቡናውን ለእንግዳው አቀረብኩ ትላላችሁ፣ እንግዳውን ግን ቡና አጠጣሁት ነው የምትሉት፣ ቡናን እንግዳ አጠጣሁት የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አፕራይዝ እንደ ማጠጣት ነው፣ ሲኒው ሰውየው እጅ መግባት አለበት። "ኪፕ ሚ አፕራይዝድ" ያላችሁ አለቃም አቦሉን ቀምሼ ልሂድ አላለም፣ ቶናውም በረካውም ይድረሰኝ ነው ያለው፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ንገሩኝ። አንድ ኢሜይል ልኮ ዝም ማለት አይሆንም።

አፕራይዝ ድሮ በኤስ ፈንታ በዜድ (apprize) ሲጻፍ ግምትንም ይይዝ ስለነበር የቆየ ሰነድ የምትተረጉሙ ዙሪያውን ሳታነቡ አትወስኑ። ውል የምታረቁ ደሞ እባካችሁ የ30 ቀን ማስታወቂያ የሚል አንቀጽ ውስጥ አፕራይዝ አትክተቱ፣ እዛ ቦታ ኖቲፋይ ነው የሚገባው፣ ማስታወቂያው በጽሁፍ መሆኑን፣ የት እንደሚላክና ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠርም አብራችሁ ጻፉ። አፕራይዝ ብቻ ከሆነ አንዱ ወገን ነግሬዋለሁ ይላል፣ ሌላው በስልክ ነው የነገረኝ ይላል፣ ክርክሩ እዛ ላይ ይጀመራል። ለተራ ኢሜይል ከሆነ ኢንፎርም ይበቃችኋል።