«ሙቀቱ ነው!» እና ሌሎች ስለ ኮንታክት ሺት ስክሪፕት የምንሰማቸው ስህተቶች

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የቪዲዮ ቤት ነው። ሰርግ፣ ኒካህ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴ ደግሞ የሐረር ሥራ እንቀርጻለን። ቀረጻው ከካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ከዚያ አንድ የባሽ ስክሪፕት ይነሳል፤ ስክሪፕት ማለት ባሽ የተባለው ፕሮግራም አንብቦ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ 20 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ይለቅምና 4 በ5 ደርድሮ አንድ ምስል ያወጣል። ኮንታክት ሺት የምንለው ይሄንን ነው። ስሙ ከፊልም ዘመን የመጣ ነው፤ ያኔ ኔጌቲቩን እንዳለ ወረቀት ላይ አስተኝተው ያትሙት ነበር። ጥቅሙ ዛሬም ያው ነው። ኬኩ የተቆረሰው የትኛው ፋይል ላይ እንደሆነ ቪዲዮውን ሳትከፍት ታውቃለህ።

ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ገባ። 140 መስመር ኮድ ለእኔ ቀረ፤ አንድ የማብራሪያ መስመር እንኳን የለውም። ከኮዱ ጋር ቤቱ ውስጥ የሚነገሩትን እምነቶችም አብሬ ወረስኩ። እውነት ለመናገር ግማሾቹን እኔም አምኜ ነበር።

«የሚሠራ ነገር አይነካም»

አንተ ባትነካው ሌላው ይነካዋል። ስክሪፕቱ ራሱ ብዙም አይሠራም፤ ያሠራል እንጂ። ፍሬሙን የሚያወጣው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ደርድሮ የሚያጣብቀው ደግሞ ኢሜጅማጂክ። ሁለቱም የቆዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ግን ዛሬም ይለወጣሉ። ኢሜጅማጂክ 7ኛው ሥሪት ላይ ሲደርስ «ኮንቨርት» የሚለውን የድሮ ትእዛዝ ተዉና «ማጂክ» በሉ አለ። ኤፍኤፍኤምፔግም «ቪሲንክ» የተባለውን አማራጭ «ኤፍፒኤስ ሞድ» በሚባል ተካው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የሚጽፉት። የእኛ ስክሪፕት ግን የሁለቱን ፕሮግራሞች መልእክት ሁሉ ሳያሳይ እንዲጥል ታዝዞ ነበር። ማን ያንብበው?

የሚገባው ቪዲዮም ይለወጣል። ድሮ ሁሉም ከአንድ ካሜራ ነበር። አሁን የሙሽራዋ እህት በስልክ የቀረጸችው ቁመታም ቪዲዮ ይመጣል። ኤችዲአር የሆነው፣ ማለትም የብርሃንና የቀለም ስፋቱ ከተለመደው የበለጠው ይመጣል፤ እሱን ዝም ብለህ ካወጣኸው ድንክዬው፣ ማለት ሺቱ ላይ ያለችው ትንሽ ምስል፣ አመድ የነፋበት ይመስላል። ስክሪፕቱ አልተበላሸም። እንግዳው ነው የተለየው።

«ፋይሉን በአማርኛ ስለሰየማችሁት ነው»

ይቺ በጣም ታናድደኛለች። ስክሪፕቱ በቆመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ግዕዝ ፊደል ላይ ነው። እውነታው ሌላ ነው። ችግሩ ክፍት ቦታው ነው! «የመልስ ቀን ክፍል 2» የሚለው ስም ውስጥ ሦስት ክፍት ቦታዎች አሉ። ኮዱ ላይ የፋይሉን ስም የያዘው ተለዋዋጭ በትምህርተ ጥቅስ ካልታቀፈ ባሽ አንዱን ስም አራት ቦታ ይቆራርጠዋል። በእንግሊዝኛ ብትጽፈውም ያው ይቆራርጠዋል። ሼልቼክ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ኮዱን ስትሰጠው ጥቅስ የጎደለበትን መስመር ሁሉ እየጠቆመ ያሳይሃል። የእኛን ስሰጠው ስንት መስመር እንደጠቆመ አልናገርም። ልጁ ጓደኛዬ ነው።

ግዕዝ ምንም ጣጣ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ፊደል በሚጽፍበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በሊኑክስ የተለመደው የዲስክ አደረጃጀት፣ ኤክስት 4፣ የፋይል ስምን 255 ባይት ላይ ስለሚገድብ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የሙሽሮቹን ስም ከነአያት፣ ቀኑን፣ አዳራሹን ሁሉ ስሙ ላይ ለሚያጭቅ ሰው 85 ፊደል ብዙ አይደለም። ሁለተኛ፣ በሺቱ አናት ላይ ስሙ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከወጣ የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት ስለተመረጠ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫንና የፎንቱን ስም ለስክሪፕቱ ንገረው፤ አለቀ። ሦስተኛው ነው ጉዱ። «ሰርግ» እና «ሠርግ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። አንድ ቀራጭ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ሲጽፍ አንድ ሰርግ ሁለት ፎልደር ውስጥ ያድራል። እኔ ስክሪፕቱ ስሞቹን ከማወዳደሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እንዲያመጣ አድርጌዋለሁ። የፋይሉን ስም ግን አይቀይርም። ሰው የጻፈውን ስም መንካት ደግ አይደለም።

«ሙቀቱ ነው»

ድሬ ላይ ለማንኛውም ነገር የተዘጋጀ መልስ ነው። ባጃጁ አልነሳ ቢል ሙቀቱ ነው። ሰው ቢያኮርፍ ሙቀቱ ነው።

ስክሪፕቱ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይል ነበር። ሱቅ ከፍተን እናስነሳዋለን፤ አንዲት የስህተት መስመር ጽፎ ይሞታል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ምንም ሳንነካው ይሠራል። አለቃዬን «ጠዋት እኮ ነው፤ ምን ሙቀት አለ?» አልኩት። አንተ ነው የምለው፤ ድሬ ነዋ። «አቦ፣ ሌሊቱን ሲሞቅ አድሮ ነው!» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ እንዳይግል ብሎ ሰዓቱን የሚያይ መስመር ጽፎ ነበር። ከቀትር ካለፈ ስክሪፕቱ ቀስ ብሎ ይሠራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ጠዋት 2 ሰዓትን 08፣ 3 ሰዓትን 09 ብሎ ነው የሚሰጠው። ባሽ ደግሞ ሲያሰላ ከፊቱ ዜሮ ያለበትን ቁጥር በስምንት መሠረት የተጻፈ አድርጎ ይወስዳል። በስምንት መሠረት 8 እና 9 የሚባሉ አኃዞች የሉም። ከ00 እስከ 07 ያለው ችግር የለውም። ከ10 በላይ ያለውም ከፊቱ ዜሮ ስለሌለው ያልፋል። በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይሞታል፤ እሷም እኛ ሱቅ የምንከፍትባት ሁለት ሰዓት ሆነች። መፍትሔው ከቁጥሩ ፊት «በአሥር መሠረት ቁጠር» የሚል ምልክት መጨመር ነው። ከሦስት ፊደል አይበልጥም።

ስለዚህ ሙቀቱ የለበትም ማለት አልችልም። ያ መስመር የተጻፈው በሙቀቱ ሰበብ ነው። አለቃዬ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሳቀ!

«አንዱን ሠርቶ ከቆመ ቀጣዩ ቪዲዮ ተበላሽቷል»

ምናልባት ቪዲዮው ደህና ነው። ስክሪፕቱ የፋይሎቹን ዝርዝር መስመር በመስመር እያነበበ ለኤፍኤፍኤምፔግ ይሰጣል። ኤፍኤፍኤምፔግ ግን በሥራ ላይ እያለ ከኪቦርድ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ «ኪው» ብትጫን ይቆማል። ኪቦርዱ ባለበት ቦታ ዝርዝሩ ተቀምጦ ከሆነ ዝርዝሩን ራሱን ይበላዋል። ሁለት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ አንዱ ቶሎ ቶሎ እንደሚጎርሰው ማለት ነው። ስክሪፕቱ ተመልሶ ሲመጣ ትሪው ባዶ ነው፤ «ጨረስኩ» ብሎ ይወጣል። ስህተት የለ፣ ምን የለ። አንዳንዴ ደግሞ ከፋይሉ ስም የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተበልተው «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይልሃል። ኤፍኤፍኤምፔግን ከኪቦርድ አታንብብ የሚል አማራጭ አለ፣ «ኖ ኤስቲዲን» ይባላል። እሱን ማከል ይበቃል።

«ፈጣኑ መንገድ የተሳሳተ ፍሬም ያወጣል»

ይቺ በአንድ ወቅት እውነት ነበረች። «ከ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጀምር» የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም በፊት ካስቀመጥከው ኤፍኤፍኤምፔግ ወደዚያ ዘሎ ይሄዳል። ከስሙ በኋላ ካስቀመጥከው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታመቀውን ቪዲዮ ሁሉ ወደ ምስል እየፈታ ይደርሳል። ድሮ የሚዘለው አቅራቢያው ያለ ቁልፍ ፍሬም፣ ማለትም ያለሌሎቹ ብቻውን የሚፈታ ፍሬም ላይ ያርፍ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሥሪት 2.1 ወዲህ ግን ቪዲዮውን ፈትቶ ምስል ለማውጣት ሲሆን ዘሎም ትክክለኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። ምክሩ አርጅቷል፤ የሚመክሩት ግን አልተዉትም።

ዋጋውን አስሉት። 20 ፍሬም በእኩል ርቀት ስትወስድና ሁሌ ከዜሮ ስትጀምር በአማካይ ለእያንዳንዱ የቪዲዮውን ግማሽ ትፈታለህ። ሃያ ግማሽ፣ አሥር ሙሉ ቪዲዮ ነው። ሐረር ሄደን የቀረጽነው የሹዋሊድ ሌሊት ብቻውን ሰዓታት ይረዝማል። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ያ ቀረጻ ይፈለጋል። ሺቱን ለማውጣት አሥር ጊዜ ሲፈታው ማደር ነበረብን። ትእዛዙን ከስሙ በፊት አዛወርኩት፤ ሻይ ሳልጨርስ አለቀ።

«መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል»

ይቀጥላል፤ ግን የተበላሸውን ትቶ። ስክሪፕታችን ሺት ያለውን ቪዲዮ ይዘላል። መብራት የሄደው ሺቱ እየተጻፈ እያለ ከሆነ ግማሹ የተጻፈ ወይም ባዶ ፋይል ይቀራል። ስክሪፕቱ ሲመለስ «አለ» ብሎ ያልፈዋል። «ስትወጣ ጠራርገህ ውጣ» የሚል መስመር አለው፤ ግን መብራት ሲጠፋ ማን ይጠርጋል? አሁን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጽፋል። ሙሉ ሲሆን ብቻ ስሙን ይቀይራል። ጊዜያዊው ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ መሆን አለበት። ሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ ስም መቀየሩ ቀርቶ መገልበጥ ይሆናል፤ ተመልሰን እዚያው።

«ሰዎቹ የቀጠኑት ካሜራው አርጅቶ ነው»

ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በፊት የተቀረጹ የሚኒ ዲቪ ካሴቶች አሉን። የዚያን ዘመን ድሬ የሚያሳዩ ስለሆኑ እንደ ዓይናችን ነው የምናያቸው። ፋይሉ 720 በ576 ነው ይላል። ፒክስሎቹ ግን እኩል ጎን ያላቸው ካሬዎች አይደሉም። ሰፊ ስክሪን ሆኖ የተቀረጸው ሲታይ ወደ 1024 በ576 መለጠጥ አለበት። ይህን የማያውቅ ስክሪፕት ሰውን ሁሉ ያከሳል። ስፋቱን በፒክስሉ ቅርጽ ማባዛት ነው መፍትሔው።

«በፓይተን ብንጽፈው ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ጊዜው የሚሄደው ቪዲዮ በመፍታት ላይ ነው፤ ያዛዡ ቋንቋ ለውጥ አያመጣም። ለማንበብ ይቀል ይሆናል፤ እሱን እቀበላለሁ።

«ሺቱ ካማረ ቪዲዮው ደህና ነው»

ይቺ ናት ያስከፈለችን። አራት ሰዓት ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ፍሬም 360,000 ፍሬም ነው። ሺቱ የሚያየው 20 ነው። በየ12 ደቂቃው አንዴ ይገልጥና ያልፋል። ድምፅ ጭራሽ አይሰማም።

አንድ ኒካህ ነበር። ሺቱ ወጣ፣ ሃያውም ምስል ያምራል። ካርዱ ተሰርዞ ለሚቀጥለው ሥራ ተሰጠ። ኤዲት ሲጀመር መሐል ላይ ሰባት ደቂቃ የሚሆን ቦታ ተሰባብሯል። ሃርድ ዲስኩ ሲገለበጥበት እዚያ ጋ አበላሽቶታል። ሰባቷ ደቂቃ በሁለት ድንክዬዎች መካከል ገብታ ሺቱ አላያትም። ኒካሁ የታሰረው ደግሞ እዚያችው ውስጥ ነበር። የሙሽራው አባት ቢሮ መጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር የተቀመጠው አይረሳኝም።

ስክሪፕቱን ወቀሱት። ስክሪፕቱ ግን የታዘዘውን ሠርቷል፤ ያልታዘዘውን ነው የጠበቅንበት። አሁን ሁለት ነገር ጨምሬበታለሁ። መጀመሪያ የካርዱንና የዲስኩን ፋይል አሻራ በሻ 256 አስልቶ ያወዳድራል፤ አሻራው ፋይሉ ትንሽ እንኳን ቢለወጥ የሚለወጥ ቁጥር ነው። ማታ ደግሞ ቪዲዮውን ከነድምፁ ከዳር እስከ ዳር ይፈታዋል፤ ምንም አይጽፍም፣ ስህተት ካገኘ ብቻ ይመዘግባል። ሰዓታት ይወስዳል። ማታ ማን ይቸኩላል?

አለቃዬ ሻ 256 ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። ግን ካርድ ለቀራጭ ከመስጠቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል፦ «አቦ፣ ቁጥሮቹ ገጠሙ?»