የወር መባቻ በባሕር ዳርና በጣና ዳር

መባቻ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያለ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ቀኑን በቁጥር ከመጥራት ይልቅ «ልደታ» ይለዋል፤ ወር በገባ በ1 የእመቤታችን ልደት ይታሰባልና። ሌላውም ቀን እንዲሁ ነው። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይባላል። ብድር እንኳ «ለሚካኤል እመልሳለሁ» ተብሎ ይቀጠራል።

መባቻን ማክበር ከብሉይ ኪዳን የመጣ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 28 ለመባቻ ሁለት ወይፈን፣ አንድ አውራ በግና ሰባት ጠቦት ያዛል። መዝሙረ ዳዊትም በመባቻ ቀን መለከት ንፉ ይላል (በግእዙ ዳዊት መዝሙር 80፣ በሌላው አቈጣጠር 81)። ዛሬ መሥዋዕቱ የለም፤ ወሩ የሚከፈተው በኪዳን ጸሎት፣ በቅዳሴ፣ በስንክሳር ማለትም በዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ ንባብ፣ እንዲሁም በየቤቱ በሚቈረስ ዝክር ነው።

መባቻው በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለማወቅ የመስከረምን 1 ማግኘት ይበቃል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ ለ4 ተካፍሎ የደረሰው ሙሉ ቁጥር ተመልሶ በድምሩ ላይ ይጨመራል፤ ሁሉም ለ7 ይገደፋል፣ ማለትም ተካፍሎ ትርፉ ይያዛል። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ሄዶ ያለ ትርፍ ካለቀ ሰኞ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ብናስላ 7518 ይሆናል፤ ሩቡ 1879፣ ድምሩ 9397፣ ለ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሐሙስ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀላል ነው፤ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ቀጣዩ መባቻ ሁልጊዜ ሁለት ዕለት ዘግይቶ ይውላል። ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ ገባ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስከረም ላይ ሲደርስ ነው፤ በመካከል ጳጉሜን አለችና።

የወሩን መታደስ ተሸክሞ የሚያዞረው ግን ጽዋ ማኅበር ነው። በአንድ ቅዱስ ስም የሚሰበሰቡ ጎረቤታሞች ወይም ወዳጆች፣ ብዙ ጊዜ 12 ሆነው፣ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ይደርሰዋል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ተራውን ይጠብቃል፤ የንስሐ አባት ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ መጨረሻ ላይ ተረኛው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ቀኑ ከ6 በላይ የሆነ ማኅበር በጳጉሜን አይገናኝም። የልደታ ወይም የበዓታ ማኅበርተኞች ግን ጳጉሜን 1 ወይም 3 ላይ ማን እንደሚደግስ አስቀድመው ካልተስማሙ ተራው ይዘባረቃል።

ተረኛዋ ሥራዋን የምትጀምረው 15 ቀን ቀድማ ነው። የሚካኤል ማኅበር ከሆነ ባለፈው ወር በ27፤ ለመስከረም ሚካኤል ግን ጳጉሜን 2፣ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት በሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 3። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ሁለት ሦስት ቀን ተጠንስሶ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፤ ቀጥሎ እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይከደናል። ጠላ የሚሆመጥጠው ጋኑ በደንብ ሳይታጠብና ሳይታጠን ሲቀር፣ ወይም ክዳኑ በየጊዜው ሲከፈት ነው። ድፎ ዳቦው እንደ ምጣዱ ስፋት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዱቄት ይወስዳል፤ በደንብ ሳይቦካ ከተጋገረ ሳይነፋ ይቀራል።

በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ከበዓለ ሃምሳ ወራትና ከልደት ወይም ከጥምቀት ዕለት በቀር፣ ገበታው የጾም ነው። በሐይቁ ዳር ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ዓሣ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ደጃፍ ድረስ እየመጣ፣ በጾም የሚበላውም ብዙ ሆኖ፣ ካህናቱ አይፈቅዱም። አስተዋይ ተረኛ ሽሮና ክክ አቅርባ ክርክሩን ከቤቷ ታርቃለች።

ሰው የሚጽናናውም በዚሁ ማኅበር ነው፤ መጽናናት በስብከት ብቻ አይመጣም። ጽዋው ሲዞር የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፤ የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ከሆነ ግን ዳቦው ተቈርሶ ቤቱ ድረስ ይላክለታል፣ ሰዎችም ሄደው ይጠይቁታል። የተጣሉ ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ ሙሴው ከቀኑ በፊት ያስታርቃቸዋል። ወሩን በቅዱስ ቁርባን ለመጀመር የሚፈልግ ደግሞ ወደ ንስሐ አባቱ ቀደም ብሎ ይሄዳል፤ ቀኖናው ጊዜ ይወስዳልና። ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት መጾም አለበት።

በጣና ገዳማት ወርኃዊ በዓል የሚሳለም ሰው የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጀልባ የሚመረጠው ማለዳ ነው። በ16 ወደ ዘጌ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በ7 ወደ ናርጋ ሥላሴ ይኬዳል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ይህን ሳይጠይቁ በቤተሰብ የተነሡ ሰዎች እናትና እኅትን ከወደቡ ትተው ለመግባት ይገደዳሉ። በ23 የሚሳለም የከተማ ሰው ግን ጀልባ አያስፈልገውም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እዚያው ከሐይቁ ዳር ነው።

ወንጌላውያን አማኞች የቅዱሳንን ዕለታት አይቈጥሩም፤ ቆላስይስ 2፥16ን ይዘው መባቻን ግዴታ አያደርጉትም። ሆኖም ወሩን በኅብረት ጸሎት መክፈትና ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ስለ ማለዳ ምሕረት የሚለውን ማንበብ በእነሱም ዘንድ የተለመደ ነው።

በስልክ የሚዞረው የወር መልካም ምኞት ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን ይስታል። ከውጭ የተተረጐመው መልእክት የፈረንጆቹን ወር መጀመሪያ ተከትሎ ስለሚመጣ፣ በእኛ አቈጣጠር ከ20 እስከ 26 ባለው ቀን ይደርሳል። ጽዋውን ያስረከበች ሴት ጋኗን አጥባ ከጨረሰች በኋላ «እንኳን ለአዲሱ ወር አደረሰሽ» የሚል ይደርሳታል። ላኪው ልደታን ቢጠብቅ ይሻላል።